በስድስት ገጽ ውስጥ ሚስትህ አንድ ቃል አልተናገረችም

ጥያቄው ባጭሩ፦ የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልብ ወለዴን በባለቤቴ ዕቁብ አሳተምኩ። ከ2,000 ቅጂ ከግማሽ በላዩ አልጋ ሥር ነው። ሁለተኛውን ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ምዕራፍ አንድን አላለፍኩም። ለባለቤቴ ግን "ማተሚያ ቤት ገብቷል" ብያታለሁ። ለኅትመት ብዬ ከባልደረባዬ የተበደርኩት 80 ሺህ ብር ለቤት ወጪና ለጫት አለቀ። በቅርቡ ደግሞ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ አንብቤ ቀናሁባት፤ ከ10 4 ሰጠኋት። ደራሲ ነኝ ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

መልስ፦

አንቱታው ይቅርብኝ ስላልክ አንተ እያልኩ ልቀጥል። ደብዳቤህ ስድስት ገጽ ነው። (አምስት ዓመት መጻፍ አቃተኝ ላለ ሰው አያንስም።)

መጀመሪያ አንድ ነገር። ገጽ አራት ላይ "አንዳንዴ ጠዋት ባልነቃ እላለሁ" የምትል ዓረፍተ ነገር ሸጉጠህ አልፈሃል። አይቻታለሁ። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ትወደው የነበረው ማስተማር እንኳ ማስጠላቱ፣ ይህ ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ "የደራሲ ስሜት" ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም፤ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። እዚያው ደሴ ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድ፣ በዚህ ሳምንት። ሐሳቡ ራስህን ወደ መጉዳት ከሄደ ግን ሳምንቱንም አትጠብቅ፤ የምታምነውን ሰው ይዘህ ያኔውኑ ሂድ።

አሁን ወደ ጫቱ። ሳልቅም ብዕር አይነሳልኝም ብለሃል። ይህንን ከስንት ጸሐፊ ሰምቻለሁ! ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ለጥቂት ሰዓት ሐሳቡ ይጎርፋል፣ የጻፍከው ሁሉ ድንቅ ይመስልሃል። ምርቃናው ሲበርድ ድብርቱ ይመጣል፣ ከዚያ ጨብሲ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ማደር፣ ከዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዓይንህ ቀልቶ ተማሪ ፊት መቆም። ማታ "ድንቅ" ያልከውን ገጽ በዚያ ድካም አንብበህ ትቀድደዋለህ። ምዕራፍ አንድ አምስት ዓመት የፈጀው በከፊል በዚህ ይመስለኛል።

ሮበርት ቦይስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ባወጣው ጥናት፣ ስሜቱ እስኪመጣላቸው ከጠበቁት መምህራን ይልቅ በየቀኑ ሰዓት ይዘው እንዲጽፉ የተደረጉት ብዙ ገጽ ጻፉ። የሚገርመው አዲስ ሐሳብም የበለጠ የመጣላቸው ለነሱ ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ክፍል ከመግባትህ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ጻፍ። ምዕራፍ አንድን አትንካው። ከሁለት ጀምር። መጥፎ ይሁን፣ ግድ የለም።

የተማሪዋን ነገር ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም መልሱን አንተም ታውቀዋለህ። ወረቀቷን መልሰህ ውሰድ፣ የሚገባትን ስጣት፣ "ስታረም ተሳስቻለሁ" በላት። ቅናትህን ግን አትናዘዝላት። ያ የአንተ ሸክም ነው፤ ለልጅ አይሰጥም።

ከሁሉም የከበደኝ ሌላ ነው። በስድስት ገጽ ውስጥ አከፋፋዩ ይናገራል፣ ርዕሰ መምህሩ ይናገራል፣ ያቺ ልጅ ሳይቀር ትናገራለች። ሚስትህ ግን "ባለቤቴ አትረዳኝም" ከምትል አንዲት መስመር በቀር የለችም። ምን እንዳለችህ፣ ምን እንደጠየቀችህ፣ ዕቁቧን አውጥታ የሰጠችህ ቀን ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አልጻፍክም። አንተ እኮ ሰው መሳል ሥራህ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የረሳሃት አይደለም፤ አፏን ከከፈተች ስለ ማተሚያ ቤቱ ትጠይቅሃለችና ዝም አሰኘሃት። ልብ ወለዱም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ቢያልቅ ውሸቱ ይጋለጣል፣ ለማሳተሚያ ብር የለማ! ባያልቅ ይሻልሃል።

ስለዚህ ንገራት። ቅመህ አይደለም፣ ጠጥተህም አይደለም። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቁጭ ብለህ፣ ከቁጥሩ ጀምር፦ 80 ሺህ ብር፣ ከማን፣ መቼ፣ በምን አለቀ። ከዚያ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት እንዳልገባ። "ለእናንተ ብዬ ነው" የምትለዋን ነገር ተዋት፣ ነገር ታባብሳለች። ትቆጣለች፣ ምናልባት ለቀናት ታኮርፋለች፤ መብቷ ነው። ከሰው ሰምታ ከምትመጣብህ ግን ይሄኛው ይቀላል። ደሴ ደግሞ ወሬ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። ለባልደረባህም በየወሩ ከደመወዝህ የምትችላትን ቁረጥለት፣ ትንሽም ብትሆን።

ደራሲ ነኝ ወይ ላልከው፣ እኔ ሃያሲ አይደለሁም፣ መጽሐፍህንም አላነበብኩም። "በ41 ዓመቴ ያልሆነ ከእንግዲህ አይሆንም" ያልከው ግን ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ አስተማሪም ዲፕሎማትም ሆነው ኖረው፣ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከ50 አልፈው ነበር። እንደሳቸው ትሆናለህ እያልኩህ አይደለም፤ የዕድሜውን ስሌት ብቻ ተወው።

ለባለቤትህ ከነገርካት በኋላ እንደገና ጻፍልኝ። ያንተን ስሜት ለጊዜው አቆየው። እሷ ያለችውን ጻፍልኝ፣ ቃል በቃል።