ጥያቄና መልስ፦ ከግድቡ በኋላ ኒውክሌር ለምን?

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ በሦስት ሳምንት ውስጥ መንግሥት ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር ለኒውክሌር ማመንጫ ግንባታ የሚሆን የድርጊት መርሐ ግብር ፈርሟል። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚሁ የተነሡ ናቸው።

«5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ እያለን ሌላ ምን ያስፈልገናል?»

የጠቀሱት ቁጥር የተርባይኖቹ ጠቅላላ አቅም እንጂ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የሚገኝ ኃይል አይደለም፤ ግድቡ የሚያመነጨው ዓባይ ባመጣው ውኃ ልክ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚገኝ ዝናብ ሲሳሳ መብራትም ይሳሳል፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ማግኘታችንን የምንረሳው አይመስለኝም። ስለዚህ ሰማይ የማያይ ማመንጫ መፈለግ ቅንጦት አይደለም። የእኔ ክርክር ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

«ነፋስና ፀሐይ አይበቁንም ነበር?»

ቢያንስ መቅደም ነበረባቸው። ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ኮረብታው ላይ የሚያያቸው ተርባይኖች በሁለቱ ምዕራፍ 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፤ ነፋሱም የሚበረታው ወንዞች በሚቀጥኑበት በበጋ ነው። ፀሐይ ማታ የለችም ቢባልም፣ ቀን በእሷ በሠራን ቁጥር በግድቡ የምንቆጥበው ውኃ ለምሽት ይተርፋል፤ ይህን ያህል ባትሪ በገንዘብ አይገኝም። በአንጻሩ ግብፅ ለኤል ዳባ የ4,800 ሜጋ ዋት የኒውክሌር ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሩሲያ ጋር ተስማምታ የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በ2022 ሲሆን፣ የሩሲያ ብድሩ እስከ 25 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። እኛ ገና መነሻው ላይ ነን።

«ቆሻሻውስ የት ይጣላል?»

ያገለገለው ነዳጅ አይጣልም፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተጠብቆ ይኖራል። ፊንላንድ ለዚሁ ስትል ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ዋሻ ቆፍራለች። ነዳጁን ማን እንደሚረከብ ውሉ ላይ ሳይጻፍ የቦታ መረጣ መጀመር የለበትም እላለሁ።

«ኒውክሌሩ ሲመጣ የሰፈራችን መብራት መጥፋቱን ይተዋል?»

አይተውም። ጠያቂዬ እንደጻፉልኝ ሊጡ ምጣድ ላይ ከተዘረጋ በኋላ መብራት የሚሄድባቸው የእርሳቸው ቤት ብቻ ሳይሆን ከአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ግን እንጀራቸውን ይጋግራሉ። ይህ የማመንጫ እጥረት ሳይሆን፣ ለጥቂት ቤቶች ተተክሎ ዛሬ አንድ መንደር የተጫነበት ትራንስፎርመር ጣጣ ነው።