«ቆመችብኝ» እና «ቆመልን»

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ዌይት ሚ»፣ «ኤክስፕሌይን ሚ» ብለው እየጻፉ «ፎር»ን እና «ቱ»ን ይጥላሉ። እነዚያው ልጆች ደግሞ በማያስፈልግ ቦታ «ኮል ቱ ሚ» ብለው ይጨምራሉ። አንድ ባልደረባዬ ጥፋቱን በአማርኛችን ላይ ያላክካል፤ «ለእኔ ደወለልኝ» እያልን አንዱን «ለ» ሁለት ጊዜ መጥራት ስለለመድን መስተዋድድ የት እንደሚገባ ጠፍቶናል ባይ ነው። «ለእኔ ደወለልኝ» በእርግጥ ስሕተት ነው?

መልስ፦ መምህርት፣ ይህን ጥያቄ ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። «ስላነሡልኝ» ማለቴን ልብ ይበሉ፤ ጥያቄው የእርስዎ ነው፣ ጥቅሙን ግን ለራሴ ወሰድሁት። ይህች «-ልኝ» ዕድሜዬን ሙሉ ስሟገትላት የኖርሁ ምዕላድ፣ ግስ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ የቃል ክፍል ናትና።

ከ«ዌይት ሚ» ልጀምር። አማርኛው «ጠበቀ» ተሻጋሪ ግስ ነው። እረኛ በጎቹን ይጠብቃል፣ ዘበኛ በሩን ይጠብቃል፣ እኔም እርስዎን ፒያሳ ላይ እጠብቃለሁ፤ በሦስቱም ዐይን የማይነቀልበት ተሳቢ አለ። ስለዚህ «-ኝ» ያለ አማላጅ ትገባለች፤ «ጠበቀኝ» እንላለን። ልጆቹ «ሚ» ብለው የገለበጡት ይህችኑ «-ኝ» ነው። የሚገርመው የእንግሊዝኛው «ዌይት»ም ትውልዱ ከዚያው ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ አነጋገር የገባ ቃል ሲሆን መነሻ ፍቺው ነቅቶ መጠበቅ፣ ማድባት ነበር፤ ከ«ዋች» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ዱሮ ተሳቢውን በቀጥታ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም «ዌይት ዮር ተርን» ሲሉ «ፎር» የለችም። እንግዲህ ልጆችዎ የተሳሳቱት ዘግይተው በመወለዳቸው ነው ማለት ነው። ቀይ እስክሪብቶዎን ያስቀምጡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ፈተና አራሚ ይህን ታሪክ ቁጭ ብሎ አይሰማቸውም።

«ኮል ቱ ሚ» የሚመጣው ደግሞ ከሌላ በኩል ነው። «ደወለ» ማለት ደወል መታ ማለት ነው። የሚመታው ደወሉ ነው፤ ሰሚው ተመቺ ስላልሆነ በ«ለ» በኩል ይገባል፦ ደወለልኝ። እንግሊዝኛው «ኮል» ግን «ጠራ» ነው፤ «ጠራኝ» የሚል ልጅ አይሳሳትም፣ «ደወለልኝ» እያለ የሚያስብ ይሳሳታል። ባልደረባዎ እንደሚሉት የ«ለ» መደጋገም እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ብቻዋን የቆመች አንዲት «-ል-» ናት ይህን ያደረገችው።

አሁን ወደምወደው ልግባ። ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባሳችን ቀጥ አለች። ሾፌሩ ወርዶ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ «ቆመችብኝ» አለ። ረዳቱ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ አይቶ እጁን እያውለበለበ ሮጠ፤ ሲመለስ «ቆመልን፣ ቆመልን!» እያለ ነው። ግሱ ያው «ቆመ» ነው። «ብ» በ«ል» ተለወጠችና መርዶው ምሥራች ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «አብሽሩ ልጆቼ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። (ይህ «አብሽር» የምንለው የወሎ ማጽናኛ ዐረብኛ ነው፤ ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙ «አብሽሩ» እንላለን፤ ዐረብኛውም በራሱ ለሴት «-ኢ»ን፣ ለብዙ «-ኡ»ን ስለሚጨምር ቃሉ ወደ እኛ ሲሻገር ልብስ መቀየር አላስፈለገውም። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸዋ። ከመንገዴ ወጣሁ።)

እንግሊዞች መኪና ሲቆምባቸው «ኢት ዳይድ ኦን ሚ» ይላሉ። «በላዬ ላይ ሞተ» ብሎ የሚተረጉም ተማሪ አይጠፋም፤ ትክክለኛው ግን አፋችን ላይ ያለው «ሞተብኝ» ነው። ያ «ኦን» የእኛ «-ብ-» ነው። መኪና ቆሞ ሲጭናቸው ደግሞ «ስቶፕድ ፎር አስ» ይላሉ፤ «ፎር»ም «-ል-» ሆነች። ልዩነቱ እነርሱ መስተዋድዱን ከግሱ ውጭ ያቆሙታል፣ እኛ ግሱና ተውላጠ ስሙ መካከል እናስገባዋለን፤ ያውም አጥብቀን። ፊደላችን ማጥበቂያ ስለሌለው አይታይም እንጂ «ቆመልን» ላይ «ል» ጠብቃ ነው የምትነበብ። ሁልጊዜ አንድ ለአንድ ይገጥማሉ ማለት ግን አይደለም። «ጻፈበት» ብዬ ብጽፍልዎ በእስክሪብቶው ጻፈ፣ በወረቀቱ ላይ ጻፈ፣ ወይም ሰውዬውን የሚከስስ ደብዳቤ ጻፈ ማለት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ለዚህ «ዊዝ»፣ «ኦን»፣ «አጌንስት» የሚሉ ሦስት መስተዋድዶች ያወጣል።

ጥንታዊ መልኩን ግዕዝ ያሳየናል፤ እዚያ እነዚህ ቅጥያዎች ገና ራሳቸውን ችለው ይሄዱ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ላይ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ሲባል «ለነ» ለብቻዋ ናት። አማርኛ እንዲህ ያለችውን «ለነ» አንሥቶ ግሱ ላይ ሰፋትና «ተውልን» አለ። «ሊተ፣ ለከ፣ ሎቱ፣ ላቲ» እያልን በቃል ስናጠና ያደግን እናውቃታለን። የ«በ» ወገን ደግሞ «ብየ፣ ብከ፣ ቦቱ፣ ባቲ» ነው። ግዕዝ «ብየ» ሲል «አለኝ» ማለቱ ነው፤ ሀብት ነው። አማርኛ ያንኑ «በ» ይዞ «አለብኝ» ሲል ዕዳ ሆነ። ሀብቱ እንዴት ዕዳ እንደሆነ ሳስብ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። «ባቲ» ደግሞ «አላት» ማለት ነው፤ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቀው፣ በዜማ ቅኝቷ አገር የሚያውቃት የወሎዋ ባቲ ስሟን ከዚህ ወሰደች ለማለት ምላሴን አሳክኮኛል። አልልም። ድምፅ ስለገጠመ ዘር ገጠመ አይባልም። ደስ ማለቱ ግን አልቀረም።

ወሎን ካነሣሁ አይቀር፣ ፈረንጅ አማርኛን በሰዋስው መጽሐፍ ያየው በወሎ ሰው ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ሲያሳትም ዕውቀቱን ያገኘው ከአባ ጎርጎርዮስ ነበር፤ እሳቸውም ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ናቸው። የተገናኙት ሮም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1649። አማርኛችን እንግሊዝኛ ያበላሻል የሚሉ ሰው ይህንን ቢያስታውሱት ጥሩ ነው።

እንግዲህ «ለእኔ ደወለልኝ»። ባልደረባዎ ብቻቸውን አይደሉም፤ አንድ ሥራ ለሁለት ሠራተኛ አይሰጥም የሚሉ ምሁራን አውቃለሁ። ሒሳብና ቋንቋ የቀላቀሉ ይመስለኛል። «ለእናቴ ደወልሁላት» ሲባል ማን ቅር ይለዋል? «ለእናቴ» ማንነቷን ትናገራለች፣ «-ላት» ከግሱ ጋር ያላትን ጉዳይ ታሥራለች። (እኔ «ደወልሁ» እላለሁ፤ «ደወልኩ» የሚሉትን አልነካም፣ ልጆቼም ይሉታል።) «ለእኔ ደወለልኝ»ም ቢሆን «ለአንተ ሳይሆን» ለማለት ሲገባ ሙሉ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ክልከላ እንግሊዞችም ሞክረውታል፤ ባለቅኔያቸው ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 መስተዋድድን ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብሎ ቀደምቱን ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰንን ነቅፎ ነበር። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ እንዳሻው ይጥለዋል፤ እኛ «የጻፍሁበት» ብለን ግሱ ጉያ የምንሸጉጠውን እነርሱ ጫፍ ላይ ይተዉታል።

ማወዳደር በሌለበት «ትናንት ለእኔ ደወለልኝ» ማለት ጆሮዬን ይቆረቁረዋል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ልጅም አዋቂም ሲለው ስለምሰማ ስሕተት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። እንዲሁም አበዳሪዬ ሲደውል «ደወለብኝ» ሊባል ይገባው ነበር ብዬ ለዓመታት ተከራክሬ የተከተለኝ የለም፤ እኔም ባለፈው ሳምንት ራሴን «ያ ሰውዬ ደወለልኝ» ስል ያዝሁት። «-ልኝ» ደግነቷ አልቆ «ወደ እኔ» ብቻ የሆነችበት ቦታ አለ፤ ተሸንፌያለሁ።

የማልሸነፍበት ሌላ ነው። ቅጥያውን ጥለው «ለእኔ ደወለ»፣ «ያስፈልገኛል» በማለት ፈንታ «ለእኔ አስፈላጊ ነው» የሚሉ በዝተዋል። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ለእኛ አስተያየት ይስጡ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ «ይስጡን» ብዬ በእርሳስ ላርመው እጄን ሳነሣ ጥበቃው «አባባ፣ ምን እየሠሩብን ነው?» አለኝ። እርሱ አማርኛ ያውቃል።

ለክፍልዎ አንድ ልምምድ ልስጥ። ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲቀርብ ባለቤቷ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ትላለች፤ የሚበላው እንግዳው፣ «-ልኝ» ግን የእርሷ። ተማሪዎችዎ ይህንን ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉሙና ያመጡትን ይላኩልኝ። «ይላኩኝ» ብል ኖሮ ተላላኪው እኔው ሆኜ ደሴ ድረስ መምጣቴ ነበር።