ማዘርቦርዱ ነው የሞተው? ቆይ እስቲ!

ጥያቄ፦ ከአስር ዓመት በላይ የሠራሁበት ዴስክቶፕ አለኝ። ማታ ሶኬቱን ነቅዬ ካደርኩ ጠዋት ስከፍተው ቀኑና ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይጠብቀኛል። ጥቁር ስክሪን ላይ «ኤፍ 1 ተጫን» ይላል። ስጫነው ይነሳል፣ ግን ብሮውዘሩ ብዙ ዌብሳይት «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍትም ይለኛል። ያየው ባለሙያ «ማዘርቦርዱ እየሞተ ነው፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ፣ አትግዛ! መልሱን ራስህ ጽፈህልናል እኮ። ችግሩ የሚመጣው ሶኬቱ ተነቅሎ ሲያድር ነው ብለሃል። ያለቀው ባትሪው ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ቦርድ) ላይ ሳንቲም የምትመስል ክብ ባትሪ አለች፤ ሥራዋ ኮምፒውተሩ መብራት በማያገኝበት ጊዜ ሰዓቱ እንዳይቆም ማድረግ ነው፣ እንዳንተ ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ሲሞስ በሚባለው ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጡትን የባዮስ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሴቲንጎች ይዛ ታቆያለች። ሶኬቱ ተሰክቶ ካደረ ግን ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ሳጥን) ትንሽ ኃይል ማቀበሉን አይተውም። ለዚህ ነው ባትሪው ማለቁ የማይታወቀው።

የዌብሳይቶቹም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። አብዛኛው ዌብሳይት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚል ሰርተፊኬት አለው። ኮምፒውተርህ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2009 ላይ ነኝ ብሎ ካመነ፣ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተጻፈ ነው የሚመስለው።

የባትሪው ስም ሲአር 2032 ነው። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2። አዲሱ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። አሮጌውን በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ስትለካው ከ2.8 በታች ከሆነ አትድከም፣ ቀይረው።

ግን ባትሪውን ከመንቀልህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። ባዮስ ውስጥ ግባና እያንዳንዱን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ። በተለይ ሳታ ሞድ የሚለውን፣ ማለትም ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ። ባትሪው ሲነሳ ሴቲንጉ ሁሉ ፋብሪካው ወደ ሰጠው ይመለሳል፤ ኤኤችሲአይ ከሚባለው መንገድ ሳይነግርህ አይዲኢ ወደሚባለው ሊቀየር ይችላል፣ ከዚያ ዊንዶውስ ልክ መነሳት ሲጀምር 7ቢ የሚል ቁጥር ያለው ብሉ ስክሪን ያሳይህና ዲስኩ የተበላሸ ይመስልሃል። እኔ በዚህ ተሸውጄ ሙሉ ዲስክ ፎርማት አድርጌያለሁ። መፍትሔው አንዲት ሴቲንግ መመለስ ብቻ እንደነበረ ያወቅኩት ፋይሎቼ ከጠፉ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሶኬቱን ንቀል፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኃይል አስወጣ፣ የኬዙን ብረት ነካ አድርግ፣ የ+ ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዲሱን አስገባ። ባትሪ ቀይረህም መርሳቱ ካልተወው ባትሪው አጠገብ «ክሊር ሲሞስ» የሚባለውን ጃምፐር (ሁለት እግሮችን የምታገናኝ ትንሽ ክዳን) እይ። አንድ ሰው ነካክቶት ማጥፊያው ቦታ ላይ ትቶት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሞኒተሩ ላይ ግን «ኖ ሲግናል» ብቻ ነው። ድምፅም የለም። ቆርጦለታል ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፋን መዞሩ ምንም አይነግርሽም። ፋን ለመዞር 12 ቮልት ካገኘ ይበቃዋል፤ ማዘርቦርዱ ግን ሌሎች መስመሮችም ያስፈልጉታል።

መጀመሪያ የሚያሳፍረውን ነገር እንጨርስ። የሞኒተሩ ኬብል የት ነው የተሰካው? ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ካለ ኬብሉ እሱ ላይ ይሁን፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ የፓወር ሶኬትስ ገብታለች? እሷ ካልገባች ፋኑ ሲዞር ይውላል እንጂ ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ከዚያ ራም፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ረጅሙ የሜሞሪ ካርድ። አሮጌ ማሽን ላይ እንደዚህ ሲያጋጥም መጀመሪያ የምጠረጥረው ራም ነው። ሶኬቱን ነቅለሽ አውጪው፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለሽ እሺ፣ ብናኙን አራግፊ፣ ከሁለት አንዱን ብቻ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሺና ሞክሪ። ካልሆነ ቀዳዳውን ቀይሪ፣ ካልሆነ ሌላኛውን ራም። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

አሁንም ዝም ካለ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ራሙን በሙሉ አውጪና አብሪው። «ጢጥ ጢጥ» ካለ እሰየው! ፕሮሰሰሩም ባዮሱም በሕይወት አሉ፣ ራም አጣን ብለው እየጮኹ ነው ማለት ነው። የጩኸቱ ትርጉም እንደ ባዮሱ ይለያያል። አዋርድ የሚባለው ባዮስ ላይ አንድ ረጅም ሁለት አጭር የግራፊክስ ካርድ ችግር ነው፤ ረጅሙ እየተደጋገመ ከመጣ ራም ነው። ታዲያ ለመጮህ ስፒከር ያስፈልጋል፣ ብዙ ኬዝ ደግሞ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ የምትሰካ ትንሽዬ ቢፐር ፈልጊለት፣ አለበለዚያ ዝምታውን ሞት ብለሽ ትተረጉሚያለሽ።

ቢፐር ተሰክቶለትም ጭጭ ካለ ፓወር ሰፕላዩን ከሌላ ኮምፒውተር ተውሰሽ ሞክሪ። መልቲሜትር ካለሽ 12 የሚባለው መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5 የሚባለው ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቺው። ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ቻርጅ ይቀራል።

በመጨረሻ ማዘርቦርዱን በባትሪ መብራት እይው። ፕሮሰሰሩ ዙሪያ እንደ ትንንሽ በርሜል የቆሙ ካፓሲተሮች አሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ፣ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሰ፣ በሽታው ተገኘ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር ምክንያት ነው ያለቁት። ያም ቢሆን ሶልደር የሚችል ሰው ይቀይራቸዋል፤ ሲቀየሩ ቮልቱ ከነበረው ማነስ የለበትም።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ባዮስህን አፕዴት ብታደርገው ይፈጥንልሃል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ደህና የሚሠራ አሮጌ ማሽን ለፍጥነት ብለህ ባዮሱን አትንካ። አዲስ ፕሮሰሰር ልትገጥምለት ከሆነ፣ ወይም አምራቹ አንተን የሚመለከት ችግር ፈታሁ ካለ ሌላ ነገር ነው። ያኔም የቦርዱን ሞዴል ብቻ ሳይሆን የሪቪዥን (የስንተኛ እትም) ቁጥሩንም ቦርዱ ላይ አንብብ፤ አንዱ ሪቪዥን ለሌላው ላይሆን ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ የባትሪ ሳጥን) ከሌለህ ደግሞ ጨርሶ አትጀምር። መሀል ላይ መብራት ከሄደ አለቀልህ ማለት ነው።

ማለቴ፣ ሊያልቅልህ ይችላል። አንዳንድ ቦርዶች መጠባበቂያ ሁለተኛ ባዮስ አላቸው። የሌላቸውም ባዮሱ ያለባት ባለ 8 እግሯ ቺፕ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ እንደገና ልትጻፍ ትችላለች፣ ስለዚህ አፕዴት ላይ ተበላሸ የተባለ ቦርድ ካለህ ቶሎ አትጣለው።

ጥያቄ፦ አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ 4 ቴራባይት ዲስክ ብሰካ ለምን 2 ብቻ አሳየኝ?

መልስ፦ ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የዲስክ አከፋፈል ዘዴ ስለተከፈለ ይሆናል፤ እሱ ከ2 ቴራ ብዙም አያልፍም። ባዶ ከሆነ ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ዘዴ ቀይረውና ለፋይል ማስቀመጫ ተጠቀምበት። ዊንዶውስን ከእሱ ላይ ላስነሳ ካልክ ግን ዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ የተካው አዲሱ) ያለው ቦርድ ያስፈልግሃል። ስለዚህ ዊንዶውሱ ያለው እዛው ትንሹ ዲስክ ላይ ይቆይ።