ከስሪላንካ ከሚመጣው ባለሙያ ጎን ማን ይቁም?

ጥያቄ፦

እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ የደንብ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ድርጅት አለኝ። አብዛኞቹ ሠራተኞቼ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ የወላይታና የጌዴኦ ልጆችም አሉ። አሁን ትልቅ የሸሚዝ ትዕዛዝ አግኝቻለሁ፤ አንገትጌው ግን አስቸግሮናል። ስለዚህ ከስሪላንካ አንድ የስፌት ቴክኒሺያን ላስመጣ ነው። የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ስለሚችል ያስተረጉማል፣ በኋላም እሱ ይተካዋል ብዬ አስቤአለሁ። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ግን ሠራተኞቹ በሰውየው ደመወዝ እያጉረመረሙ ነው። በዚህ መሃል መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ ሥራ ፈልጋ ብትመጣ፣ ሱፐርቫይዘሬ «ከማን ጋር ልትግባባ ነው?» ብሎ መለሳት። እሱ ያደረገው ልክ ነው? የሥራ ፈቃዱስ እንዴት ያልቃል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከነገሩኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ የእህትዎ ልጅ ጉዳይ ነው። ግን ወረቀቱን አስቀድሜ ልጨርስ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 176 መሠረት የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ አይቀጠርም። ፈቃዱ ለአንድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ሰውየው ለሥራው አያስፈልግም ከተባለ ይሰረዛል። በስፌት ቴክኒሺያንነት ያወጡለትን ሰው ጨርቅ ግዢ ላይ አያሰማሩት። በቱሪስት ቪዛ አስገብቶ «ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል» ማለትንም ይተዉት፤ ሲያዝ ችግሩ ለእሱም ለእርስዎም ነው። የኢንቨስትመንት ሕጉ ደግሞ የውጭ ባለሙያ የቀጠረ ኢንቨስተር ሥልጠና እየሰጠ በኢትዮጵያዊ እንዲተካው ይጠብቃል።

የሚተካው ማን ነው ታዲያ? እኔ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 መጨረሻ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከአንዱ ሼድ በሰው ኃይል ክፍል ገብቼ ሠርቻለሁ። የውጭ ቴክኒሺያኖቹን የምናስተረጉመው እንግሊዝኛ በሚችሉ፣ መርፌ ይዘው በማያውቁ የኮሌጅ ልጆች ነበር። አንድ ጊዜ አንገትጌ ጫፉ ላይ እየተጨማደደ በጥቅል በጥቅሉ ይመለስብን ጀመር። ቴክኒሺያኑ ለረጅም ጊዜ አስረዳ፤ «የላይኛው ክር በጣም ጠብቋል፣ ጨርቁንም በእጃችሁ እየሳባችሁት ነው» ነበር የሚለው። ልጁ ያስተረጎመው ግን «ተጠንቅቃችሁ ስፉ ይላችኋል» ብሎ ነው። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንገትጌው መጨማደዱን ቀጠለ፤ ሰውየውም መጮህ ጀመረ።

ነገሩን የፈታችው ከይርጋለም የመጣች አንዲት ኦፕሬተር ናት። ሰውየው ሲያወራ እሷ ጣቶቹን ነበር የምታየው። ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ አንዱን ክሩ እንደጠበቀ ሰፋችው። ከዚያ የክር ማጥበቂያውን ትንሽ ላላ አድርጋ፣ እጇን ከጨርቁ ላይ አንስታ ሌላውን ሰፋች። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ለጓደኞቿ በሲዳምኛ ነገረቻቸው። በማግስቱ የሚመለሰው አንገትጌ በጣም ቀነሰ።

ያ ድርጅት ምትክ አድርጎ የያዘው ግን ተርጓሚውን ነበር። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል፣ ስትታገድ ትዕዛዝ ቀነሰ፤ ቴክኒሺያኑ አገሩ ገባ፣ ተርጓሚውም ሌላ ሥራ አገኘ። የሸሚዝ ሙያው የቀረው፣ ያለ ማዕረግና ያለ ጭማሪ፣ እዚያችው ልጅ እጅ ላይ ነው። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም በአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ አየር መንገድ ሰዎች ነበር የሚመራው፤ አብራሪዎቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ። ከውጭው ካፒቴን ጎን የተቀመጠው አውሮፕላን ማብረር የሚማር ሰው ነበር።

የእህትዎ ልጅ ያስተርጉም፣ ሌላ ሥራም ይስጡት። ተተኪዎቹን ግን ከመስመሩ ላይ ይምረጡ፤ ሁለት ይሁኑ፣ ቢቻል አንዷ ሲዳምኛ ሌላዋ ወላይትኛ የምትችል። አንዷ ብትወልድ ወይም ብትለቅ ሙያው አብሮ አይሄድም። ሥልጠናው ሲጀመር ደመወዛቸውን ትንሽም ቢሆን ከፍ ያድርጉ። በቴክኒሺያኑ ውል ላይም እነማንን፣ ምን ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተምር በግልጽ ይጻፍ።

ማጉረምረሙም የሚበርደው በዚህ ነው። ደመወዙን ለመደበቅ አይድከሙ፣ መታወቁ አይቀርም። ሰብስበው ለምን እንደመጣ፣ መቼ እንደሚሄድና ከእነሱ መሃል ማን እንደሚተካው ይንገሯቸው። ሠራተኛ የሚከፋው በሰውየው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን እሱ ከሄደ በኋላም ለራሱ የሚጠብቀው ነገር ሲያጣ ነው። ሰውየው ሠራተኛ ላይ ከጮኸ ደግሞ የውጭ ሰው ነው ብለው አይለፉት።

ለእሱም ያስቡለት። ሥጋ የማይበላ ከሆነ የጾም ምግብ ስላለን አይቸገርም፤ የሚቸገረው በፍስክ ሰሞን ነውና ምግብ ቤቱን ቀድመው ያነጋግሩ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን ፍቼ ጨምበላላንም አስቀድመው ይንገሩት። ቀኑን የሲዳማ አያንቶዎች ኮከብ ቆጥረው ስለሚያስታውቁ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር አያገኘውም። የሸሚዙን ማስረከቢያ በዚያ ሳምንት ቢያደርገው መስመሩ ባዶ ይሆንበታል። ሽማግሌዎችን ጠይቀው ቀኑን በዕቅዱ ውስጥ ያስገቡት።

ልጅቷን በተመለከተ፣ ሱፐርቫይዘርዎ ያደረገው ልክ አይደለም። አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 14 በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 ደግሞ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። የሚያመቻቹት ነገር ብዙ አይደለም፦ ከደወሉ ጋር የሚበራ መብራት፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ፣ መቀመጫዋ ሱፐርቫይዘሩን ፊት ለፊት የምታይበት ቦታ። ያቺ የይርጋለም ልጅ በዓይኗ እንደተማረች እሷም ትማራለች።

አስጠርተው ማሽን ላይ ያስቀምጧትና ኪስ ትስፋልዎት። ስፌቷ ደህና ከሆነ እንደማንኛውም ሠራተኛ ውል ይፈርሙላት፤ የሙከራ ጊዜዋም እንደሌላው ሁሉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከጎኗ የምትቀመጠውም ሆነች ሱፐርቫይዘሩ ጥቂት የምልክት ቋንቋ ይማሩ፤ አስተማሪዋ ራሷ ትሁን፣ በሥራ ሰዓት፣ ከነክፍያው።