ጠብታ ከማዘዛችሁ በፊት፦ ለወጣት የዓይን ሕክምና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ከዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብግነትን ለማስታገስ የትኛው ጠብታ እንደሚሻል ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ መልሴን በጽሑፍ ላቆይላችሁ ወደድሁ። ጥያቄው የመድኃኒቶቹን ጉልበት በማነጻጸር ብቻ አይመለስም። ጎንደር የሚታከም ሰው ከቋራ፣ ከመተማ ወይም ከጃናሞራ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠብታውን ማን እንደሚያደርግለትና ለዓይን ግፊት ምርመራ መመለስ ይችል እንደሆነ ሳታጣሩ የምታነጻጽሩት ነገር ሁሉ ጎዶሎ ነው።

በቀዶ ሕክምና የተነካ ዓይን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ፕሬድኒሶሎን እና ዴክሳሜታዞንን የመሳሰሉት ስቴሮይዶች ይህን ሂደት ከመነሻው ሲገቱ፣ ስቴሮይድ ያልሆኑት ኬቶሮላክ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኔፓፌናክ እና ብሮምፌናክ ግን ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ለይተው ያግዳሉ። የኋለኞቹ የሚሠሩበት መንገድ ጠባብ ቢሆንም፣ የማኩላ (ጥርት ላለ እይታ የሚያገለግለው የሬቲና መካከለኛ ክፍል) እብጠትን በመከላከል ረገድ የሚናቁ አይደሉም። በ12 የአውሮፓ ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ፕሪሜድ የተባለው ጥናት፣ የስኳር ሕመም በሌለባቸው ታካሚዎች ላይ በ12 ሳምንታት ውስጥ የታየውን አሳሳቢ የማኩላ እብጠት ሲያነጻጽር፣ ዴክሳሜታዞን ብቻ ከተጠቀሙት 5.1 በመቶ፣ ብሮምፌናክ ብቻ ከተጠቀሙት 3.6 በመቶ፣ ሁለቱን አጣምረው ከተጠቀሙት ደግሞ 1.5 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። እነዚያ ታካሚዎች ግን ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በሚመጠው የፋኮ መሣሪያ የታከሙ ናቸው፤ በእኛ ዘመቻዎች ብዙው ሥራ በእጅ የሚከናወን የትንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ አንስቶ ለእኛ ታካሚ መስጠት አይገባም። የስኳር ሕመም ወይም ቀድሞ የቆየ የውስጥ ዓይን ብግነት ላለበት ሰው ግን፣ ሁለቱም የሚገኙና አቅሙ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ማጣመሩን እመርጣለሁ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ የስቴሮይድ ጉዳይ ነው። ስቴሮይድ የዓይንን ግፊት ከፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ በማግስቱ ፋሻው ተነሥቶ ዓይኑ ሲመረመር ምንም አይታይም፤ ታካሚውም ሕመም ስለማይሰማው እይታው ተመለሰልኝ ብሎ ደስ እያለው ወደ አገሩ ይሄዳል። ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ያለበትን፣ እንዲሁም በአገራችን በብዛት የሚታየው ፕስዩዶኤክስፎሊየሽን (በዓይን ውስጥ ነጭ ብናኝ መሰል ነገር የሚከማችበት ሕመም) ያለበትን ዓይን በተለይ ልብ በሉ። የተረፈው ጠብታ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ዓይኔን አሻለኝ በሚል ለወራት የሚቀጥለው አለ፤ ዓይኑ ለቀላ ጎረቤት በደግነት የሚያካፍልም አለ። የጎረቤትየው መቅላት ከሄርፒስ ወይም ከፈንገስ የመጣ ከሆነ፣ ያ ደግነት ብሌኑን (የዓይኑን ግልጽ የፊት ሽፋን) ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን በካርዱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉለት፤ «እስከ እገሌ በዓል ድረስ» ብላችሁም ለአስታማሚው በቃል ንገሩት።

ስቴሮይድ ያልሆኑት ጠብታዎች ግፊት ባይጨምሩም፣ ደረቅ ወይም የቆሰለ ብሌን ባለበት ሰው ላይ ብሌኑን እስከማሳሳት ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ በተለይ በትራኮማ የተጎዳ ዓይን ሲያጋጥማችሁ አትቸኩሉ።

አጠቃቀሙን ስታስተምሩም እጃችሁን አትሰስቱ። የፕሬድኒሶሎን አሲቴት ጠብታ ከመደረጉ በፊት በደንብ መናወጥ አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ከታች ዘቅጦ ይቀራል። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ በሁለት የተለያዩ ጠብታዎች መካከል አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። አስታማሚው በፊታችሁ አንድ ጊዜ አድርጎ ያሳያችሁ። ጠበል መጠመቅ ለሚሻ ታካሚም እምነቱን ሳትነኩ፣ ቁስሉ እስኪድን ውኃ ወደ ዓይኑ እንዳይገባ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር በአክብሮት ንገሩት።

ሕመሙ እየባሰ፣ እይታው እየቀነሰ፣ ዓይኑም እየቀላ የመጣ ታካሚ ካጋጠማችሁ ግን ጠብታ መቀያየር ውስጥ አትግቡ፤ በዓይኑ ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሐኪሙ ይድረስ።