ውጋቱ ቢተውም ጠጠሩ ወጥቷል ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግራ ጎኔን ውጋት ይዞኝ መሬት ላይ አንከባለለኝ። በሲቲ ስካን ስታይ 6 ሚሊ ሜትር ጠጠር ከኩላሊት ወርዶ የሽንት ቱቦ ውስጥ ቆሟል ተባልኩ። አሁን ውጋቱ ትቶኛል። ጓደኞቼ "ቢራ ጠጣበት፣ ይወጣል" ይሉኛል። ቀዶ ሕክምና እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ከዚያ ስቃይ ተገላገሉ። ግን ውጋቱ ስለተወዎት ብቻ ድኛለሁ አይበሉ። ጠጠሩ ቱቦውን እንደዘጋም ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ሽንት ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ሳይታወቅ ይጎዳዋል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ጠጠሩ ሲወጣ በዓይንዎ ካላዩት፣ በዚህ ሳምንት ሄደው እንደገና ይታዩ።

ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ያለ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። የእርስዎ ትንሽ ስለሚበልጥ ሊወጣም ላይወጣም ይችላል። ሐኪምዎ ቱቦውን የሚያላላ እንደ ታምሱሎሲን ያለ መድኃኒት ሊያዝልዎት ይችላል። ቢበዛ የሚጠበቀው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ሦስቱ አልፏል።

ካልወጣስ? ሆድ አይቀደድም። በማደንዘዣ ተኝተው፣ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን መሣሪያ ገብቶ ጠጠሩን በሌዘር ይሰባብረዋል። ከውጭ በሚላክ ሞገድ የሚሰባበርበትም ጊዜ አለ።

ቢራውን ይተዉት። ሽንት ያበዛል እንጂ ጠጠር አያስወጣም፤ በዚያ ላይ እርስዎ መሪ ይዘዋል። ተልባም ቢሆን ሐኪም ጋ መሄድን አይተካም።

ወደፊት እንዳይደገም ዋናው ውሃ ነው። ብዙ ሾፌሮች ለሽንት ላለመቆም ብለው በዚያ በአፋር ሙቀት ውሃ ይቀንሳሉ። ጠጠር የሚወደው ይህንኑ ነው። በቀን 2.5 ሊትር ያህል ሽንት እንዲሸኑ የሚያደርግ ውሃ ይጠጡ። ሽንትዎ ከጠቆረ አልጠጡም ማለት ነው። ጨው ይቀንሱ። ወተት ግን አያቁሙ፤ ከምግብ ጋር የሚገባው ካልሲየም ጠጠር የሚሠራውን ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ይይዘዋል።

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ አዋሽም ይሁኑ ሚሌ፣ መኪናውን አቁመው በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። በተዘጋ ኩላሊት ላይ ኢንፌክሽን ሲጨመር ቶሎ ወደ ደም ይገባል። የሲቲ ስካን ውጤትዎን ከመኪናው አይለዩት። እንደደረሱ መጀመሪያ እሱን ያሳዩ።