የፋይበርግላስ ጀልባ እድሳት፦ ስለ ስቱኮ፣ ስለ ሬዚንና ስለ ቀለም ለጠየቃችሁን

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቀለም ናቸው። ስንመረምራቸው ግን ችግሩ ያለው ከቀለሙ በታች ነው። ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ቁስ እንድታውቁት እንፈልጋለን።

ከባሕር ዳር፦ *ጣና ላይ እንግዶች የምናመላልስባት የ6 ሜትር ጀልባ ነጭነቷ ጠፍቶ፣ በእጅ ስትነካ እንደ ጠመኔ ዱቄት ትለቃለች። ሲንተቲክ ቀለም ብንቀባት ይሆናል? ስንት ሊትርስ ይበቃል?*

ዱቄቱ በፀሐይ የተበላ ጄልኮት ነው፤ ማለትም ከፋብሪካ የመጣው ባለቀለም የላይኛው ሽፋን። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ፀሐዩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይበረታል። መጀመሪያ ግን ቀለም የግድ ያስፈልጋት እንደሆነ አረጋግጡ። አዲስ ጄልኮት ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስንዝር በስንዝር የሆነ ቦታ መርጣችሁ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያደረጋችሁ አሹት፤ ከዚያ በ1000፣ በመጨረሻም በመኪና ቀለም ማንጸባረቂያ ኮምፓውንድ አሹት። አንጸባራቂው ከተመለሰና የፋይበሩ ክር መልክ ካልታየ ቀለሙን ተዉት፤ ሙሉውን ጀልባ እንዲሁ አሽታችሁ ሰም መቀባት ይበቃችኋል። ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር ወይም የፋይበሩ ሽመና ብቅ ካለ ግን ጄልኮቱ አልቋል፤ መቀባት አለባት።

የምትቀባ ከሆነ ትልቁ ስህተት ሳያጥቡ ማሸት ነው። በጀልባው ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ሰምና ሲሊኮን አለ። የብርጭቆ ወረቀቱ ይህን ቅባት ጭረቱ ውስጥ ይከተዋል፤ ኋላ ቀለሙ ሲነካው እየሸሸ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጥራል። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ እጠቡ። ቀጥሎ አሴቶን ባረጠበው ጨርቅ ወልውሉ፤ ሳይደርቅም ወዲያው በሌላ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አንሡት። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ለውጡ፤ አለዚያ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማመላለስ ብቻ ይሆናል። ውኃ ስትረጩበት እንደ ጠል እየተንጠባጠበ ከተሰበሰበ ሰሙ አልለቀቀም፤ ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ወደ ማሸት እለፉ። በ120 ጀምራችሁ በ180 ጨርሱ፤ አንድም የሚያብለጨልጭ ቦታ አይቅር።

ሲንተቲክ ቀለም ከውኃ በላይ ላለው ጎን ይሠራል፤ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ውኃ ውስጥ ለሚውል የጀልባ ሆድ አይሆንም፤ ያብጥና ይላጣል። ሌላም እዳ አለው። በኋላ ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሬቴን (ቀለሙና ማጠንከሪያው ለየብቻ መጥተው የሚቀላቀሉበት ቀለም) ልቀባበት ብትሉ ቲነሩ ከሥር ያለውን ሲንተቲክ ስለሚያኮማትረው ሁሉንም መላጥ ይኖርባችኋል። የእኛ ምርጫ ለጎኑ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው መሠረት)፣ በላዩ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሬቴን ነው። በፕራይመሩና በቀለሙ መካከል በ320 አሹ። ሆዱን በኢፖክሲ ብቻ ደራርቡት።

መጠኑን እንዲህ አስሉ፦ ርዝመትና ወርድ ተደምሮ በ2፣ ከዚያ ከውኃ በላይ ባለው ቁመት ይባዛል። ጀልባችሁ 6 በ2 ሜትር ሆና ጎኗ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይመጣል። አንድ ሊትር ለአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ስለሚሸፍን ለጎኑ 2 ሊትር ፕራይመርና 3 ሊትር ቀለም ያዙ። ሆዱን ለብቻው ቁጠሩት።

ቤት ውስጥ በኮምፕሬሰር አትንፉት። የፖሊዩሬቴኑ ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት አለበት፤ ጭጋግ ሆኖ ሲተነፈስ አስም ያስከትላል፤ ለመንፋት ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል ግድ ነው። ደጅ ላይ በጠባብ የስፖንጅ ሮለር ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ጓደኛችሁ ከኋላ እየተከተለ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተካክለው። ለዚህም ቢሆን ከሰል ማጣሪያ ያለው የኬሚካል ጭንብልና ጓንት አይቅር። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ተመራጭ ነው። ጠሉ ከለቀቀ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምራችሁ እስከ 8 ሰዓት ጨርሱ። ጥላ ሥር ይሁን፤ ፀሐይ ያጋለው ገጽ ላይ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል።

ከሐዋሳ፦ *ሬዚኑን፣ ኮባልቱንና ካታሊስቱን ለየብቻ ሸጡልን። አንዴ ጣሳው ውስጥ ጨሰ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አድሮም ይጣበቃል።*

ሬዚን ፋይበሩን የሚያያይዘው ፈሳሽ ነው፤ ካታሊስቱ ያጠነክረዋል፣ ኮባልቱ ደግሞ መጠንከሩን ያፈጥናል። ከሁሉ በፊት፦ ኮባልትና ካታሊስት ብቻቸውን በፍጹም አይገናኙ፤ ይፈነዳሉ። አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሲሪንጅ ለሁለቱ አትጠቀሙ። ኮባልቱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ይማሰል፤ ካታሊስቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ ነው። ኮባልት ቀድሞ የገባበት ሬዚንም ስለሚሸጥ ባለ ሱቁን ጠይቁ። ካታሊስት ዓይንን ያሳውራል፤ መነጽር አድርጉ፤ ከነካ 15 ደቂቃ ሙሉ በውኃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ካታሊስቱ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሲሞቅ ወደ 10፣ ሲቀዘቅዝ ወደ 20። በዓይን ግምት አይሆንም፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ። የጨሰው ሬዚኑ በጠባብ ጣሳ ውስጥ ስለተከማቸ ነው፤ ሲጠነክር የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ ያጣል። ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ አድርጋችሁ በሰፊ ሳህን ቀላቅሉ። መጨስ የጀመረውን ደጅ አውጡት፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትክተቱት።

መጣበቁ ሁለት ዓይነት ነው። ጥፍር ስትጭኑበት ውስጡ ጠንክሮ ላዩ ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ፣ አየር ስለነካው እንጂ ብልሽት አይደለም፤ በአሴቶን ጠርጋችሁ አሹት። ለመጨረሻው እጅ ሰም የገባበት ሬዚን ተጠቀሙ። ጥፍሩ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ካታሊስቱ አንሷል ወይም አርጅቷል፣ አለዚያም ብርድ ነበር። እሱን የሚያድነው ነገር የለም፤ ፍቃችሁ ጣሉት።

ከባቱ፦ *ስንጥቁን በባትላሜራ ጋራዥ የመኪና ስቱኮ ብንሞላውስ?*

ከውኃ በላይ ላለ ትንሽ ጭረት ይሆናል። ከውኃ በታች አይሆንም፤ ስቱኮው ውስጥ ያለው ታልክ ውኃ ይመጥጣል። ጄልኮቱን ብቻ የነካ ቀጭን ስንጥቅ በስል ነገር እንደ ሰርጥ ከፍታችሁ በተወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት። ግድግዳውን ያለፈ ስንጥቅ ግን በምንም ሙሌት አይጠገንም፤ በፋይበር መታሰር አለበት። በግራይንደር ዳርና ዳሩን ከውፍረቱ 12 እጥፍ ርቀት ድረስ እያሳሳችሁ ሂዱ፤ 5 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ከሆነ በየጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር። በኢፖክሲ የምትጠግኑ ከሆነ የተሸመነውን ፋይበር ግዙ፤ ተራውን የተበጣጠሰ ምንጣፍ የያዘው ሙጫ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን (በካታሊስት በሚጠነክረው) ውስጥ እንጂ በኢፖክሲ ውስጥ አይደለም። በኢፖክሲ ላይ ጄልኮት በደንብ ስለማይዝ ማጠናቀቂያው ቀለም ይሁን።

ከባሕር ዳር ሌላ አንባቢ፦ *ሆዷ ላይ ትናንሽ ፊኛዎች ወጥተዋል፤ ስንበሳቸው ሆምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል።*

ውኃ ጄልኮቱን አልፎ ሬዚኑን እየሰባበረው ነው። ስትበሱ ፈሳሹ በግፊት ስለሚረጭ መነጽር አድርጉ። እያንዳንዱን እስከ ጤነኛው ድረስ ክፈቱ፤ ሽታው እስኪጠፋ በተደጋጋሚ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። አሲዱ ከቀረ ፊኛው ይመለሳል። ከዚያ ለሳምንታት ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ከውስጥ ላብ ካለ ገና ነው። ሲደርቅ በኢፖክሲ ሞልታችሁ ሆዱን በሙሉ በኢፖክሲ ፕራይመር ሸፍኑ።

ከሚኒሶታ፦ *አሮጌ ጀልባ ገዛሁ። ሞተሩን ሳነሣ የኋላ ግድግዳው ይወዛወዛል። በሚያዝያ ጋራዥ ውስጥ ልቀባው አስቤያለሁ፤ ሙቀቱ 8 ዲግሪ ነው።*

ቀለሙን ለጊዜው እርሳው፤ የሚወዛወዝ ግድግዳ ሞተሩን ይዞ ሐይቅ ውስጥ ሊገነጠል ይችላል። በሁለቱ የፋይበር ንጣፎች መካከል ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሷል ብለን እናምናለን። በላስቲክ መዶሻ ምታው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ይታፈናል። ከዚያ ከውስጥ በኩል፣ ከታች አካባቢ፣ የውስጡን ንጣፍ ብቻ አልፈህ ብሳ፤ ጥቁርና እርጥብ ፍቅፋቂ ከወጣ የውስጡ ንጣፍ ተቆርጦ ኮምፔንሳቶው ይለወጣል። በኢፖክሲ የተጣበቁ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶዎች ለአብዛኛው ሞተር የሚስማማውን ወደ 38 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ከነፋይበሩ ይሰጡሃል። ዳሩን ሁሉ ኢፖክሲ አጠጣው። የብሎን ቀዳዳዎችን አስፍተህ ቅደድና በኢፖክሲ ሙላቸው፤ ሲጠነክር በልካቸው ደግመህ ቅደዳቸው። ያኔ ብሎኑ ቢያፈስ እንኳ ውኃው እንጨቱን አያገኘውም።

8 ዲግሪ ለፖሊስተርም ለቀለምም ብርድ ነው፤ 15 እስኪሻገር ታገሥ። ጭስ ማውጫ በሌለው የጋዝ ማሞቂያ አታሙቀው፤ አየሩን በእርጥበት ስለሚሞላው ኢፖክሲው ላይ የሰም መሳይ ላብ ያወጣል፣ በአሴቶን ትነት ውስጥ ደግሞ እሳት ነው። ያ ላብ ከወጣ ከማሸትህ በፊት በውኃና በሻካራ ስፖንጅ እጠበው።

ከባሕር ዳር፦ *ለባሕር ጀልባ ሆድ የሚቀባውን መርዛማ ቀለም እናስመጣ?*

አያስፈልግም። በባሕር የጀልባ ሆድ ላይ የሚጣበቁት ባለ ዛጎል እንስሳት ጣና ውስጥ የሉም፤ አረንጓዴውን ዝቃጭ በብሩሽ ማጠብ ይበቃል። ቀለሙ የሚሠራው መዳብ ወደ ውኃ እየለቀቀ ነው፤ ያ ውኃ ደግሞ ዓሣ የሚጠመድበት ነው። ከውጭ በመጣ አሮጌ ጀልባ ላይ ይህ ቀለም ካለ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ቆርቆሮ አዘል የሆነው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2001 በጸደቀውና ከ2008 ጀምሮ በጸናው ዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ነው። ደረቁን አታሹት። መሬቱ ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ እያረጠባችሁ አሹ፤ ዝቃጩን ሰብስባችሁ ከሐይቁና ከጉድጓድ ውኃ አርቁት።